አዲስ ቤት ከቢልደር ስንገዛ፦ ጉልበታችን ከፊርማ በፊት ነው

(ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር፤ በጥቂቱ ከመስተካከሉ በቀር እንደተነገረው የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ! እንደምን ዋላችሁ? አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ የእሁድ ከሰዓታችሁን ለዚህ ስለሰጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ። ኑ ግድ የለም፣ ጥያቄ አልጠይቅም።

የዕድሩ ኮሚቴ ከቢልደር፣ ማለትም ቤት ሠርቶ ከሚሸጥ ድርጅት፣ አዲስ ቤት ስለመግዛት ንገረን ብሎኝ ነው የመጣሁት። አዲስ አበባ ሳለሁ የግንባታ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። እዚህ ደግሞ የቤት ኢንስፔክተር ነኝ። ሰው ቤት ሲገዛ ጣሪያ ላይ ወጥቼ፣ ቤዝመንት ወርጄ፣ የጎደለውን ጽፌ እሰጣለሁ። ስለዚህ ዛሬ "ኢንስፔክሽን አስደርጉ" እያልኩ ስጨቀጭቃችሁ የራሴንም ገበያ እያደመቅኩ መሆኑን ከወዲሁ እወቁልኝ። ጠበቃም የባንክ ሰውም አይደለሁም። የማወራው በአብዛኛው ስለ ሜሪላንድ ነው። ቨርጂኒያ የምትኖሩ፣ ሕጉ በዝርዝር ይለያል፣ አካሄዱ ግን ተቀራራቢ ነው።

አራት ነገር አነሳለሁ። ስለ ሽያጭ ቢሮው፣ ስለ ገንዘቡ፣ ስለ ውሉ፣ ስለ ፍተሻው። አራቱንም የሚያያይዝ አንድ ነገር አለ። ከቢልደር ጋር ስትነጋገሩ ጉልበት ያላችሁ እስክትፈርሙ ድረስ ነው። እስክትፈርሙ ድረስ! ከፈረማችሁ በኋላ ልመና ነው የሚሆነው።

እሺ፣ አንደኛ። ሽያጭ ቢሮው።

ሞዴል ቤት፣ ቢልደሩ ለማሳያ ያዘጋጀው ቤት፣ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እጅ አውጡ እስቲ። አያችሁ፣ ሁላችንም ገብተናል። ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ "ዝም ብለን እንይ" ብለን። ወጥ ቤቱ ያብረቀርቃል። መብራቱ ልዩ ነው። የልጆቹ ክፍል ግድግዳ ሳይቀር ተስሏል። በር ላይ የምትቀበላችሁ ሴት ደግሞ ፈገግታዋ ያስደስታል። ውሃ ትሰጣለች፣ ልጆቻችሁን በስማቸው ትጠራለች። ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች። ግን ደሞዟን የሚከፍላት ማነው? ቢልደሩ። የእናንተን ጥቅም ለማስጠበቅ አልተቀጠረችም። "እስከ ስንት ድረስ አቅማችሁ ይችላል?" ስትላችሁ የምትመልሱት መልስ በቀጥታ ወደ አሠሪዋ ነው የሚሄደው።

አንድ ባልና ሚስት አውቃለሁ። እሷ ነርስ ናት፣ እሱ ኡበር ይነዳል። እንዲሁ እሁድ ከሰዓት ሞዴል ቤት ገቡ። በር ላይ ታብሌት ሰጧቸውና ስምና ስልክ ሞሉ። "ኤጀንት አላችሁ?" ለሚለው "የለንም" ብለው ምልክት አደረጉ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤቱን ወደዱት፣ ዘመዳቸው የሆነ ኤጀንት ይዘው ተመለሱ። ቢልደሩ ምን አለ? "መጀመሪያ የመጣችሁት ብቻችሁን ነው፣ ኤጀንታችሁን አንመዘግብም፣ ኮሚሽንም አንከፍልም።" በቃ። ለኤጀንት ከኪሳቸው እንዳይከፍሉ ብለው ብቻቸውን ገቡበት። ውሉን ያነበበላቸው ሰው አልነበረም።

ብዙ ሰው ያለ ኤጀንት ብሄድ ዋጋ ይቀንሱልኛል ብሎ ያስባል። አብዛኛውን ጊዜ አይቀንሱም። ቢልደሩ የኤጀንቱን ወጪ ቀድሞ በጀት ውስጥ አስገብቶታል። እናንተ ስላልተጠቀማችሁበት ለእሱ ይቀርለታል እንጂ ወደ እናንተ አይመጣም። ስለዚህ ኤጀንት የምትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያውኑ አብሯችሁ ይግባ፣ ወይም ከመግባታችሁ በፊት ያስመዝግባችሁ። ደግሞ ከኦገስት 17 ቀን 2024 ወዲህ ኤጀንቶች ቤት ሊያሳዩአችሁ ሲሉ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈርማሉ። ያንንም አንብቡት። ስንት ይከፈለዋል? ቢልደሩ ባይከፍል ማን ይከፍላል? ለስንት ጊዜ ነው የተሳሰራችሁት? ወንድማችሁ ቢሆንም ጠይቁ። በተለይ ወንድማችሁ ከሆነ!

ሁለተኛ። ገንዘቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው ከሌላው የሚለይበት ነገር አለ። እቁብ። ስንቶቻችን ነን ዳውን ፔይመንት፣ የቤቱን ቅድሚያ ክፍያ፣ በእቁብ የምናጠራቅም? አትደበቁ፣ የታክስ መሥሪያ ቤቱ አይ.አር.ኤስ. እዚህ የለም።

እቁብ ሕገ ወጥ ነገር አይደለም። ችግሩ አመጣጡ ነው። እቁቡ ይደርስና 30 ሺህ ዶላር በጥሬው ባንክ ይገባል። ሞርጌጅ፣ የቤት ብድር፣ የሚሰጠው ተቋም የመጨረሻ ሁለት ወር የባንክ ስቴትመንት ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ የገባ ትልቅ ገንዘብ ሲያይ፣ ለምሳሌ ከወር ገቢያችሁ ግማሽ የሚበልጥ ከሆነ፣ "ይህ ከየት መጣ?" ይላል። ማስረጃ ከሌላችሁ ያንን ገንዘብ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ባንክ ውስጥ ቁጭ ብሎ እያያችሁት፣ የለም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ግን ይህ ነው። የቤት ብድሮችን ከአበዳሪዎች የሚገዛው ትልቁ ተቋም ፋኒ ሜ ራሱ በመመሪያው ውስጥ እንዲህ ያለውን የማኅበር ቁጠባ ለዳውን ፔይመንት ይቀበላል። መንግሥት ዋስ የሚሆንበት የኤፍ.ኤች.ኤ. ብድር መመሪያም የግል የቁጠባ ማኅበር ብሎ ያውቀዋል። ማለትም እቁባችን መመሪያ ውስጥ አለ! የሚፈልጉት ማስረጃ ነው። የእቁቡ ሰብሳቢ የሚጽፈው ደብዳቤ፣ እናንተም በየጊዜው ስትከፍሉ የቆያችሁበት ማስረጃ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እቁባችሁን በጥሬ ገንዘብ ሳይሆን በዜል ወይም በቼክ ክፈሉ። ደብተር ይያዝ። እቁቡ ቀድሞ ደርሷችሁ ገና የምትከፍሉት ካለ ደግሞ፣ በፋኒ ሜ መመሪያ ቀሪው እንደ ዕዳ ይታሰባል፣ የምትበደሩትን መጠን ይቀንሰዋል። የሞርጌጅ ሰውዬው "እቁብ ምንድነው?" ካለ አትጨቃጨቁ። "የማኅበር ቁጠባ ነው፣ መመሪያችሁ ላይ እየው" በሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ስታስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ ራሱ ምንም አያመጣባችሁም። ግን "ሪፖርት እንዳይደረግ" ብላችሁ ዘጠኝ ሺህ ዛሬ፣ ዘጠኝ ሺህ ነገ እያላችሁ ብትከፋፍሉት፣ መከፋፈሉ ራሱ ወንጀል ነው። ገንዘቡ ንጹሕ ቢሆንም ወንጀል ነው። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ።

ታክሲና ኡበር የምትነዱ ወንድሞቼ። ታክስ ስታሠሩ "ማይሌጄን ሁሉ አስገባልኝ" ትላላችሁ። በ2024 አይ.አር.ኤስ. ለአንድ ማይል 67 ሳንቲም ያስቀንስ ነበር። ጥሩ ነው፣ ታክስ ይቀንሳል። ግን ሞርጌጅ ሰጪው የሚያየው ከቀነሳችሁ በኋላ የቀረውን ገቢ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የሁለት ዓመቱን። ከማይሉ ላይ የተወሰነውን መልሶ ይደምርላችኋል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። 80 ሺህ ሠርታችሁ ወረቀቱ 28 ሺህ ካለ፣ እናንተ ባለ 28 ሺህ ናችሁ። በሚቀጥለው ዓመት ቤት ለመግዛት ካሰባችሁ ዘንድሮ ታክስ ስታሠሩ ለሒሳብ ሠራተኛው ንገሩት። አልዋሽም፣ ታክሱ ከፍ ይላል።

ስለ መኖሪያ ፈቃድም ጥያቄ ስለሚበዛ አንድ ነገር ልበል። በኤፍ.ኤች.ኤ. በ3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት መግዛት ይቻላል። ከሜይ 25 ቀን 2025 ጀምሮ ግን ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ለሌለው ሰው ኤፍ.ኤች.ኤ. ተዘግቷል። ጥገኝነት ጠይቃችሁ በሥራ ፈቃድ ያላችሁ፣ ሌላ ዓይነት ብድር ነው የምትፈልጉት። ማንም "ችግር የለም፣ እናስተካክለዋለን" ካላችሁ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ ቢልደሩ ልመለስ። "የእኛን ሞርጌጅ ከተጠቀማችሁ 20 ሺህ ዶላር እንሰጣችኋለን" ይላሉ። ይህ የተለመደ ነው። ሊያስገድዷችሁ አይችሉም፣ ማባበያውን ግን በዚያ ላይ ሊያስሩት ይችላሉ። መጥፎ ነው? ሁልጊዜ አይደለም። አንዳንዴ በጣም ጥሩ ነው። ግን ከሌላ ሁለት ቦታ የብድር ግምት ወረቀት አውጡና ጎን ለጎን አስቀምጡ። ወለዱ ግማሽ ፐርሰንት ከበለጠ 20 ሺዋ በጊዜ ብዛት ተመልሳ ትሄዳለች።

በተለይ ሁለት አንድ የሚሉትን ቅናሽ እወቁት። በ2023 መጨረሻ ወለድ ወደ 8 በመቶ ሲጠጋ ቢልደሮች በጣም ወደዱት። የመጀመሪያው ዓመት ወለድ በ2 ይቀንሳል፣ ሁለተኛው ዓመት በ1፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሙሉ። 500 ሺህ ዶላር በ6.5 በመቶ ለ30 ዓመት ተበደራችሁ እንበል። በመጀመሪያው ዓመት ዋናውና ወለዱ በወር 2,533 ዶላር ገደማ ነው። በሁለተኛው 2,839። በሦስተኛው 3,160። ከ600 ዶላር በላይ ልዩነት! ሽያጭ ቢሮ የምትሰሙት የትኛውን ቁጥር ነው? የመጀመሪያውን። "ያኔ ወለድ ይወርዳል፣ ሪፋይናንስ ታደርጋላችሁ፣ ብድሩን በአዲስ ብድር ትተካላችሁ" ይሏችኋል። ይወርድ ይሆናል። እናንተ ግን በ3,160ው መኖር ትችሉ እንደሆነ ዛሬ አስሉ።

ሦስተኛ። ውሉ።

አሮጌ ቤት ስትገዙ በአካባቢው የሚታወቅ ቅጽ አለ፣ ለሁለቱም ወገን በመጠኑ ሚዛን ያለው። አዲስ ቤት ስትገዙ ውሉን የጻፈው የቢልደሩ ጠበቃ ነው። ለማን ይመስላችኋል የጻፈው?

ከኢትዮጵያ ይዘነው የመጣነው ፍርሃት አለ። አዲስ አበባ ላይ ለአፓርታማ ቅድሚያ ከፍለው ዓመታት የጠበቁ ዘመዶች የሌሉን ጥቂት ነን። እዚህ አዳራሽ ውስጥም ራሱ የከፈለ እንዳለ አውቃለሁ። ስለዚህ "ገንዘቤን ይዞ ይጠፋ ይሆን?" እንላለን። እዚህ ሜሪላንድ ላልተጠናቀቀ ቤት የምትሰጡት ዲፖዚት በአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ ወይም በዋስትና እንዲሸፈን ሕጉ ያስገድዳል። ቢልደሩም መመዝገብ አለበት፣ ምዝገባውን መፈለግ ትችላላችሁ። ይዞ መጥፋቱ ብዙም አያሳስበኝም። የሚያሳስበኝ እናንተ ራሳችሁ ፈርማችሁ በሕጋዊ መንገድ የምታጡት ገንዘብ ነው።

እንዴት? ለምሳሌ ውሉ "ብድር ካልተፈቀደላችሁ ዲፖዚቱ ይመለሳል" ይላል? ወይስ "በ30 ቀን ውስጥ ካላሳወቃችሁ አይመለስም" ይላል? ቤቱ ግን የሚያልቀው ከስምንት ወር በኋላ ነው። በመሀል ሥራ ብታጡስ? ያላችሁበትን ቤት ሸጣችሁ የምትገቡ ከሆነ፣ ባይሸጥስ? ለተጨማሪ ምርጫዎች የከፈላችሁት ገንዘብ ደግሞ በብዙ ውል ላይ ምንም ቢሆን አይመለስም።

የማስረከቢያው ቀን ሌላ ነገር ነው። ሻጯ "በሴፕቴምበር ትገባላችሁ፣ ትምህርት ሳይከፈት" ትላለች። ውሉ ግን "ግምት ነው" ይላል። ብዙ ውሎች ለቢልደሩ እስከ ሁለት ዓመት ይሰጡታል። ይህ ከዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በሁለት ዓመት ውስጥ ሠርቶ ለማስረከብ ግዴታ የገባ ሻጭ ከአንድ የፌዴራል የመሬት ሽያጭ ሕግ ምዝገባ ነፃ ስለሚሆን ነው። ስለዚህ የተከራያችሁትን ቤት "ሴፕቴምበር እለቃለሁ" ብላችሁ አትፈርሙ። በወር በወር የሚታደስ አድርጉት። የወለድ መቆለፊያውም፣ የተነገራችሁ ወለድ እንዳይቀየር የሚያደርገው ስምምነት፣ እንዲሁ ነው። የተለመደው 30 ወይም 60 ቀን ነው። ለስምንት ወር የሚቆልፍ አለ፣ ያስከፍላል። ቤቱ በእነሱ ጥፋት ቢዘገይ መቆለፊያውን ለማራዘም ማን ይከፍላል? ጠይቁ። መልሱን በቃል አትቀበሉ። በጽሑፍ ይሁን። በጽሑፍ! ሻጯ የነገረቻችሁ ሁሉ ውሉ ላይ ከሌለ አልተባለም። ውሉ ራሱ እንደዚያ ብሎ ይጽፋል።

ደግሞ "ተመጣጣኝ ዕቃ የመቀየር መብት አለን" የሚል አለ፣ "ክርክር በግልግል እንጂ በፍርድ ቤት አይታይም" የሚል አለ። እነዚህን ማስወጣት ከባድ ነው፣ ቢያንስ እያወቃችሁ ፈርሙ። የሪል እስቴት ጠበቃ ውል ለማንበብ የሚጠይቃችሁ አንድ የእብነ በረድ ጠረጴዛ ከሚጨምረው ዋጋ ያነሰ ነው።

ስለ እብነ በረድ ካነሳን፣ ምርጫ። ማስታወቂያው ላይ "ከ550 ሺህ ጀምሮ" ይላል። ያ ዋጋ የሞዴሉ ቤት ዋጋ አይደለም። ጥግ ላይ ያለ ወይም ከጀርባው ጫካ ያለው ቦታ ጭማሪ አለው። የተሠራ ቤዝመንት ጭማሪ ነው። ከዚያ ዲዛይን ማዕከል የሚባል ቦታ ትጠራላችሁ። እኔና ባለቤቴም አልፈንበታል። እሷ የካቢኔ እጀታ ስትመርጥ እኔ "ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ስንት ነው?" እያልኩ ሳስቸግር፣ የዲዛይን ባለሙያዋ ሊያለቅሳት ደርሶ ነበር።

ምክሬ ይህ ነው። በኋላ ግድግዳ ሳይፈርስ ሊገባ የማይችለውን አሁን ግዙ። በኋላ ሊቀየር የሚችለውን ተዉት። መብራት፣ ቀለም፣ ምንጣፍ፣ እጀታ፣ እነዚህን ከገባችሁ በኋላ በግማሽ ዋጋ ታደርጉታላችሁ። ቤዝመንት ላይ ለወደፊት መታጠቢያ ቤት የሚሆን ቧንቧ ከሲሚንቶው በታች መቀበር ግን አሁን ነው። እናት ወይም አባት ከአገር ቤት ሊመጡ ይችላሉ፣ ደረጃ መውጣት ያቅታቸው ይሆናል። ምድር ቤት ላይ መኝታና ሻወር ይኖራል ወይ? አሁን ነው የሚታሰበው።

ለእኛ ወጥ ቤት ደግሞ ሁለት ነገር። ሳቁ፣ ግን ቁም ነገር ነው። አንደኛ፣ ብዙ አዲስ ቤቶች ላይ ከምድጃው በላይ ያለው ማይክሮዌቭ ጭሱን ስቦ መልሶ ወጥ ቤቱ ውስጥ ነው የሚተፋው። ወደ ውጭ የሚያወጣ ቱቦ የለውም። ቁሌት ለሚያቁላላ ቤት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ? ሽንኩርቱ ካፖርታችሁ ላይ ይቀራል። ጭሱን ወደ ውጭ የሚያወጣ መሳቢያ ይደረግልኝ በሉ። ግድግዳ ሳይዘጋ ቀላል ነው፣ ከተዘጋ በኋላ ራስ ምታት ነው። ሁለተኛ፣ ምጣድ። የእንጀራ ምጣድ ብዙ ኃይል ይስባል። ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ መስመር ከተሰካ ብሬከሩ ይወርዳል፣ እንጀራውም መሀል ላይ ይበላሻል። ጋራዥ ወይም ቤዝመንት ውስጥ ለብቻው የሆነ የ20 አምፕ መስመር አስገቡ። ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው ትንሽ ሥራ ነው።

አንድ ነገር በቅንፍ ልጨምር። በሜሪላንድ አዲስ ቤቶች ኮርኒስ ላይ የእሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ አላቸው። ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ከ1992 ጀምሮ ነው ያስገደደው። እሱ ላይ ልብስ አይሰቀልም! ለበዓል የታጠበ ሀበሻ ቀሚስ በማንጠልጠያ ሰቅለው ጫፉ ተሰብሮ፣ ቤቱ በውሃ የተጥለቀለቀ ሰው አውቃለሁ።

አራተኛ፣ የእኔ ሥራ። ፍተሻ።

አባቴ ኮልፌ ቤት ሲያሠራ በየቀኑ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ ሲሚንቶ ይቆጥር ነበር። ግንበኛው "ጋሼ፣ ይመኑን እንጂ" ሲለው፣ "አምኛለሁ፣ ቀጥል" ይለውና አይነሳም። እዚህ አገር ደግሞ 600 ሺህ ዶላር የሚከፍል ሰው ቤቱን የሚያየው አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ ነው። የሚገርመኝ ይህ ነው። "አዲስ ነው፣ ምን ይፈተሻል? ካውንቲው ፈትሾታል" ይሉኛል። የካውንቲው ተቆጣጣሪ የሚያየው ዝቅተኛውን የሕንፃ ደንብ ነው። በቀን ብዙ ቤት ያያል፣ እያንዳንዱ ቤት ላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ነው። ለእናንተ አይሠራም።

ሦስት ጊዜ አስፈትሹ። የመጀመሪያውና ትልቁ ግድግዳው በጂፕሰም ሳይዘጋ ነው። በዚያን ጊዜ እንጨቱ፣ ሽቦው፣ ቧንቧው፣ የአየር ቱቦው ሁሉ ይታያል። ምን አገኛለሁ መሰላችሁ? ቧንቧ ለማሳለፍ ተብሎ ከመጠን በላይ የተቆረጠ ተሸካሚ እንጨት። በመስኮት ዙሪያ ውሃ እንዳይገባ የሚደረገው ሽፋን ተገልብጦ የተለጠፈ። አንድ ጊዜ የአየር ቱቦ ውስጥ የሠራተኞች የምሳ ሣጥንና የለስላሳ ጣሳ አግኝቻለሁ። ያ ቢዘጋ ኖሮ የዚያ ቤት ልጅ መኝታ ክረምት ላይ አይሞቅም ነበር። ቤተሰቡም ለዓመታት "ምን ሆኖ ነው?" ሲል ይኖር ነበር።

ሁለተኛው ከክሎዚንግ፣ የመጨረሻው ፊርማና ርክክብ ከሚደረግበት ቀን፣ በፊት ነው። ቢልደሩ ራሱ ዞሮ ያሳያችኋል፣ ሰማያዊ ቴፕ ይዛችሁ የቀለም ጭረት ላይ ትለጥፋላችሁ። ደስ ይላል። ግን ዓይናችሁን ከቀለሙ ላይ አንሱት። ጣሪያ ሥር ያለው የሙቀትና የብርድ መከላከያ በእኩል ተነፍቷል? ከቤቱ ዙሪያ ያለው አፈር ውሃውን ወደ ቤቱ ነው ወይስ ከቤቱ ወዲያ የሚወስደው? ሁሉንም ሻወር አንድ ላይ ክፈቱና ታች ወርዳችሁ ኮርኒሱን እዩ። የቀረ ሥራ ካለ ቀን ተቆርጦለት ይፈረምበት።

ሦስተኛው በ11ኛው ወር ነው። ለምን በ11ኛው? በብዙ ቢልደሮች ዘንድ ዋስትናው አንድ፣ ሁለት፣ አሥር ነው። ለአሠራርና ለዕቃ አንድ ዓመት፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለቧንቧና ለማሞቂያው ሁለት ዓመት፣ ለዋናው ተሸካሚ አካል አሥር ዓመት። አንደኛው ዓመት ሳያልቅ ቤቱ አንድ በጋና አንድ ክረምት አይቷል። ምስማሩ ብቅ ይላል፣ በር ይጣበቃል፣ ሲሚንቶ ይሰነጠቃል። ዝርዝሩን በጽሑፍ፣ ከፎቶ ጋር፣ ቀኑ ሳያልፍ ላኩ። በስልክ "እሺ እንመጣለን" አይጠቅምም።

አሁን ወደ ተነሳሁበት። ግድግዳ ሳይዘጋ ኢንስፔክተር ማስገባት የምትችሉት ውሉ ሲፈቅድ ነው። አንዳንድ ቢልደር በጭራሽ አይፈቅድም፣ አንዳንዱ ኢንሹራንስ ይጠይቃል። "መቼ ነው የምትፈርሙት?" የሚላችሁን ሰውዬ "ይህን መስመር ጨምርልኝና አሁን" በሉት። ያኔ ይጨምራል። ከፈረማችሁ በኋላ ግን ስልክም ላያነሳ ይችላል።

ቀሪውን በችኮላ ላውጋችሁ፣ ቡናው እየተቆላ ነው። ከክሎዚንግ ቢያንስ ሦስት የሥራ ቀን በፊት የመጨረሻውን የወጪ ዝርዝር ታገኛላችሁ። መጀመሪያ ከተሰጣችሁ ግምት ጋር መስመር በመስመር አስተያዩት። የስም ማዛወሪያና የምዝገባ ግብሩን ብዙ የቢልደር ውሎች በገዢው ላይ ይጥሉታል፣ ብዙ ሺህ ዶላር ነው፣ ቀድማችሁ ጠይቁ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሶፋ በዱቤ አትግዙ፣ መኪና አትቀይሩ፣ ለማንም ዋስ አትሁኑ። ክሬዲታችሁ እንደገና ይታያል። ገንዘብ የሚላክበት የሒሳብ ቁጥር "ተቀይሯል" የሚል ኢሜይል ከመጣ ሌባ ነው። ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ አረጋግጡ።

በየዓመቱ የሚከፈለው የቤት ግብር ላይ ግን ቆም በሉ። በአዲስ ቤት የመጀመሪያው ግምት አንዳንዴ በባዶ መሬቱ ላይ ነው የተሠራው። ወርሃዊ ክፍያችሁ ትንሽ ሆኖ ደስ ይላችኋል። ከዚያ ቤቱ ተገምቶ ሙሉ ግብር ይመጣል፣ የጎደለውም ወደኋላ ተቆጥሮ ይጠየቃል። ወር በወር ብዙ መቶ ዶላር የጨመረባቸው ደንበኞች አሉኝ። ስለዚህ "ሙሉው ቤት ሲገመት ግብሩ ስንት ነው?" ብላችሁ በዚያ አስሉ። ደግሞ የምትኖሩበት ቤት ከሆነ የሆምስቴድ ታክስ ክሬዲት ማመልከቻ ሙሉ፣ በየዓመቱ የሚጨመረውን ይገድብላችኋል። አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚሞላው።

በአዲስ ሰፈር፣ በተለይ ፕሪንስ ጆርጅስ፣ የውሃና የፍሳሽ መስመር የዘረጋው ገንቢ ወጪውን በየዓመቱ ከቤት ባለቤቶች የሚሰበስብበት ክፍያ አለ። ፍሮንት ፉት ይሉታል። በዓመት ብዙ መቶ ዶላር ሊሆን ይችላል፣ ለብዙ ዓመታት ይቆያል። ውሉ ላይ መገለጽ አለበት። ፈልጉት፣ እዚያው ነው ያለው፣ በትንሽ ፊደል። ኤች.ኦ.ኤ. የሚባለው የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማኅበርም አለ። ስለ እሱ ብጀምር አንጨርስም። ደንቡን ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቃችሁ አንብቡ፣ በተለይ ስንት መኪና ማቆም እንደሚቻል። የእኛ ቤት ለቅሶ ሲደረስ ስንት መኪና እንደሚመጣ ታውቃላችሁ።

እሺ፣ ጥያቄ። አዎ፣ እህቴ፣ ነጭ ሻርፕ የለበስሽው።

"እኛ ሞዴል ቤት ሄደን ስማችንን ሞልተናል። አልፈረምንም። አበቃልን ወይ?" ትላለች።

አላበቃም። ገና ካልፈረማችሁ ኤጀንት ይዛችሁ ለሥራ አስኪያጇ በኢሜይል ጻፉ፣ "ኤጀንታችን ይመዝገብልን" በሉ። አንዳንዱ ይቀበላል፣ በተለይ የወሩ መጨረሻ ወይም የሩብ ዓመቱ መጨረሻ ሲሆን፣ ያኔ ሽያጭ ማስገባት ይፈልጋሉና። እምቢ ካሉ ደግሞ በራሳችሁ ወጪ ጠበቃ ውሉን ያንብብላችሁ፣ የፍተሻውንም መስመር አስገቡ። ያንንም እምቢ ካሉ ከመንገዱ ማዶ ሌላ ቢልደር አለ፤ ቤቱን ምንም ያህል ብትወዱትም ሄዳችሁ እዩት።

ውል በእጃችሁ የያዛችሁ ካላችሁ እኔ ከቡናው ጎን ያለው ጠረጴዛ ጋ እሆናለሁ። ያልተፈረመውን አስቀድሙልኝ።